ሜትር ከማንሳታችሁ በፊት አከራክሯቸው

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው። ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ፍጥነት = ርቀት ÷ ጊዜ» ብዬ ጻፍኩላቸው። በዜማ ሸመደዱት፤ ፈተናም ላይ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም አገኙት። ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሁለት ልጆች ግቢ ውስጥ አሯሯጥኩና ክፍል ተመልሼ፣ ሩጫውን ላላዩት ሰዓቱን ብቻ ነገርኳቸው፦ እሱ በ8 ሰከንድ ገባ፣ እሷ በ10 ሰከንድ። «ማን ፈጠነ?» አልኩ። የክፍሉ ግማሽ «10 ያመጣችው!» አለ።

10 ከ8 ይበልጣላ። ፈተና ላይ ብዙ ያመጣ ይበልጣል ብለን ያሳደግናቸው እኛው ነን፤ ልጆቹ ምን ያድርጉ?

ከዚያ ወዲህ ቀመሩን የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ሳልጽፈው ራሳቸው ያገኙታል። ደሴ ውስጥ ከማስተምርበት ክፍል ወጥቶ፣ ልጆቹን ቤት ለሚያስጠናም ወላጅ የሚሆነውን ያህል አካሄዴን እነሆ። የሚያስፈልገው ብይ፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሁለት እፍኝ ሰበዝና ብዙ ክርክር ነው። ክርክሩን አትዝለሉት። ልጅ መለኪያ የሚፈልገው በቃል ተከራክሮ ሲያቅተው ነው፤ ያልተጨቃጨቀበትን ነገር ለካ ብትሉት ቁጥር ጽፎ ይሰጣችኋል እንጂ ምን እንደለካ አያውቅም።

«ሄደ» ማለት ክልክል ነው

የመጀመሪያው ቀን ምንም አንለካም። ጠረጴዛዬ ላይ ብይ፣ ቆርኪ፣ ሎሚ፣ የጨርቅ ኳስ፣ የዶሮ ላባ፣ እንዝርትና ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት ሃይላንድ እደረድራለሁ። አንድ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ሌላው ከዕቃዎቹ አንዱን ይለቅቃል፣ ይገፋል ወይም ይወረውራል። ሦስተኛው ያየውን በቃል ይናገራል። ከዚያ ግድግዳ ያየው ልጅ ዞሮ፣ በሰማው ብቻ ተመርቶ ያንኑ እንቅስቃሴ ይደግማል። «ሄደ» ያለ ተራውን ያጣል።

መጀመሪያ አፋቸው ይያዛል። ከዚያ የቤታቸው ቃል ይወጣል፦ ተንከባለለ፣ ተንሸራተተ፣ ነጠረ፣ ሾረ፣ ተንገዳገደ፣ ተስፈነጠረ፣ ተወዛወዘ፣ ተምዘገዘገ፣ አዘገመ፣ ተንፏቀቀ። አማርኛ እንቅስቃሴ አያልቅበትም። አንድ ልጅ ስለ ሎሚው «እንደ ሰከረ ሰው ሄደ» ብሎ «ሄደ» በማለቱ ተራውን አጣ፤ ክፍሉ ግን አጨበጨበለት፣ ምክንያቱም ሎሚ እንደ ብይ ድቡልቡል ስላልሆነ በእርግጥም ወዲያና ወዲህ እያለ ነው የሚንከባለለው። ሃይላንዱ ደግሞ የዕለቱ ኮከብ ነው፤ ውስጡ ያለው ውኃ ስለሚንቦጫረቅ ትንሽ ይሄድና ያመነታል፣ እንደገና ይሄዳል። «ያመነታል» ያለችው ልጅ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ቃሉ ሲከማች ሦስት ጥያቄ ብቻ አስይዛቸዋለሁ። ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? በምን መንገድ፣ ቀጥ ብሎ፣ ዞሮ፣ ወይስ እየተመላለሰ? እየፈጠነ ነው፣ እየዘገየ ነው፣ ወይስ እንዳለ ነው? ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ እሱን ለብይዋና ለሰበዙ አቆዩት።

«የት ነው?» የሚለውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጆቹን ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ አስቀምጡና መሐል ላይ ድንጋይና ከጎኑ ብይ አድርጉ። «ከድንጋዩ በየት በኩል ነው?» በሉ። አንዱ ረድፍ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይላል፤ ጩኸቱን እናንተው ታዩታላችሁ። እስኪደክማቸው ተዉአቸው። በመጨረሻ አንዱ «ቲቸር፣ ወደ ጦሳ በኩል ነው!» ይላል። ተራራው ለሁለቱም ረድፍ አንድ ነውና ክርክሩ በዚያው ያበቃል። ሁላችንም የተስማማንበት ነገር መነሻችን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ «ከድንጋዩ ወደ ጦሳ በኩል ሦስት እርምጃ» ማለት ይለምዳሉ። የእናንተ ከተማ ተራራ ከሌለው የውኃ ማማ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይበቃል።

ባጃጅ ውስጥ ሆኖ «የመብራት ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ» የሚል ልጅም አይጠፋም። ተሳስተሃል አትበሉት። «ከምን አንጻር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ባጃጁን መነሻ ካደረገ ልክ ነው።

ርቀት

ክፍሉን ከበሩ እስከ ሰሌዳው በየራሳቸው ጫማ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ይለኩ። አንዱ 31 ይላል፣ ሌላዋ 36። ማን ተሳሳተ? ማንም። አያቴ ነጠላ ልትገዛ ገበያ ስትወርድ ረጅም ክንድ ያለውን ጎረቤታችንን ይዛ ትሄድ እንደነበር ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሻጩ በገዛ ክንዱ ሊለካላት ሲል «ቆይ፣ በእሱ ክንድ» ትል ነበር። ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

የሰፊ ሜትር ርካሽ ነው፣ ግን ሦስት ወጥመድ አለው። ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጀርባው በኢንች ነው፤ «ጠረጴዛው 24 ነው» የሚል ልጅ ከመጣባችሁ ገልብጦ ይዞታል ማለት ነው። ሦስተኛውና የሁልጊዜው፣ ከ0 ሳይሆን ከ1 ይጀምራሉ፤ ሲቆጥሩ ከአንድ መጀመር ለምደዋልና። ለግቢ ሥራ 10 ሜትር ሲባጎ ወስዳችሁ በየሜትሩ ቋጠሮ እሰሩበት። መጀመሪያ እሰሩ፣ ቀጥሎ ለኩ፣ ከዚያ አስተካክሉ፤ ቋጠሮው ራሱ ገመዱን ይበላል። እኔ መጀመሪያ ያሰርኩት 10 ሜትር ዘጠኝ ተኩል ሆኖ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ልጆቼን ከእውነቱ በላይ ፈጣኖች አድርጓቸው ነበር።

ሰዓት

ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ደቂቃ ሞላ ሲሉ እጅ እንዲያወጡ አድርጉ። የመጀመሪያው እጅ በ30ኛው ሰከንድ አካባቢ ይወጣል፤ የመጨረሻው ልጅ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። አሁን የጋራ ሰዓት ይፈልጋሉ።

ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ክር ላይ ጠጠር አስሩ። ከተንጠለጠለበት እስከ ጠጠሩ መሐል 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሄዶ ሲመለስ አንድ ሰከንድ ይፈጃል ማለት ይቻላል። 1 ሜትር ከሆነ 2 ሰከንድ ነው። ግድግዳ ሰዓት ላይ አመሳክሩት፤ በደቂቃ 60 ገደማ ምልልስ ልታገኙ ይገባል። ልጆቹ ከበድ ያለ ጠጠር ቢታሰር የሚፈጥን ይመስላቸዋል፤ አስረው ይዩ። የክሩ ርዝመት እንጂ የጠጠሩ ክብደት ለውጥ እንደማያመጣ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን መገረም እኔ በቃል ላመጣው አልችልም። ብቻ ወዝዋዜው ትንሽ ይሁን፤ በጣም ከተለጠጠ ሰዓቱ ትንሽ ይረዝማል።

የስልክ ሰዓት የሚጠቅመው ማንበቡን ከቻሉ ነው። 0:07.84 የሚለውን «ሰባት ሺህ ምናምን» ብሎ ያነበበልኝ ልጅ አለ። የመጨረሻዋን አሃዝ ተዉአት፤ 7.8 ሰከንድ ይበቃል። 1:30 ደግሞ አንድ ነጥብ ሦስት አይደለም፣ 90 ሰከንድ ነው፤ ይህችን ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ሰዓት ያዡን ልጅ «ዘግይተህ ነው የተጫንከው» ብለው መክሰሳቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ይዘገያል። በ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ አሳዩአቸው። አንዱ ማስመሪያውን ከላይ ይዞ ያንጠለጥለዋል፤ ሌላው ዜሮው ላይ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ሳያስነካ ከፍቶ ይጠብቃል። ሳይነገረው ሲለቀቅ ይጨብጣል። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዘ 0.17 ሰከንድ፣ 20 ላይ 0.20፣ 25 ላይ 0.23፣ 30 ላይ 0.25 ገደማ ዘግይቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ «ስህተት» የሚለው ቃል ስድብ መሆኑ ይቀራል። እናንተም አንድ ትምህርት ትወስዳላችሁ፦ አንድ ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ነገር በእጅ አትለኩ፤ አንድ አምስተኛው በእጃችሁ መዘግየት ሊበላ ይችላል። መንገዱን አርዝሙ፣ ወይም እንቅስቃሴውን አዝግሙ።

እያንዳንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ለክተው መሐለኛውን ይውሰዱ። አማካይ ማስላት ለ4ኛ ክፍል ጊዜ ይበላል፤ መሐለኛውን መምረጥ ግን ለሁሉም ይገባል፣ አንዴ የተበላሸ ልኬትም ይዞ አይጎትተውም።

ለእያንዳንዱ ሰከንድ ስንት ሜትር ይደርሰዋል?

አሁን ወደዚያች 8 እና 10 እንመለስ። ግቢ ውስጥ 40 ሜትር እለካለሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ርቀት ይሮጣል፦ ትንሽ ሰከንድ የወሰደበት ፈጣን። ሰዓቱን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከሯጩ ጎን እንጂ ለብቻው አልጽፈውም፤ ሩጫውን ያየ ዓይን ቁጥሩን ያርመዋል። ቀጥሎ ሁሉም እኩል 5 ሰከንድ ይሮጣል፣ ፊሽካ ሲነፋ ባለበት ይቆማል፦ ሩቅ የደረሰ ፈጣን። አንዴ ትንሽ ቁጥር ያሸነፈው፣ አንዴ ትልቅ ቁጥር ያሸነፈው ለምን እንደሆነ ይከራከሩ። እኔ አፌን እዘጋለሁ። ለመምህር ከባዱ ሥራ ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን አጣብቂኝ አመጣለሁ። አንዷ 40 ሜትር በ8 ሰከንድ ሮጣለች። አንዱ 30 ሜትር በ5 ሰከንድ። ርቀቱም ጊዜውም የተለያየ ነው፤ ማን ፈጠነ? ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። እሷ ብዙ ሮጣለች፣ እሱ ቶሎ ጨርሷል። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ሒሳብ ላይ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ «ሜትሩን እንደ ዳቦ ለሰከንዶቹ እናካፍል» አለ። 40 ሜትር ለ8 ሰከንድ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል። 30 ለ5 ሲካፈል 6። ልጁ ነው የፈጠነው። በዚያ ዓመት ቀመሩን መጻፍ አላስፈለገኝም።

ደብተር ላይ «5» ብቻ የጻፈውን «5 ምን? 5 ዳቦ?» በሉት። «በሰከንድ 5 ሜትር» ብሎ ሲጽፍ ብቻ ምልክት አድርጉለት።

ይህን ካገኙ በኋላ ቀነኒሳን አምጡ። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሮጦ የያዘው የዓለም ክብረ ወሰን 15 ዓመት ቆይቷል። ወደ ሰከንድ ሲለወጥ 1,577.5 ነው። በሰከንድ 6.3 ሜትር። ልጆቹ «እኛም እኮ እንቀርበዋለን!» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ከፍጥነታቸው አንጻር ሩቅ አይደሉም። ያኔ የእኛን 40 ሜትር አሳያቸዋለሁ፦ ቀነኒሳ ይህችን በ6.3 ሰከንድ ያልፋታል፤ ከዚያ እንደገና፣ እንደገና፣ 250 ጊዜ። የክፍሉ ፈጣን ልጅ በ7 ሰከንድ ገብቶ ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ ይህን መስማቱ ልዩ ነው። አማካይ ፍጥነት ማለት ምን እንደሆነም እዚሁ ይመጣል፤ ቀነኒሳ እያንዳንዷን 40 ሜትር በእኩል ሰዓት አልሮጠም፣ መጨረሻው ዙር ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ልጅ ያውቃል።

ወደ መንገዱ የሚያይ አጥር ካላችሁ፣ ከአጥሩ ውስጥ ሆናችሁ ባጃጅ ለኩ። መንገድ ዳር አትቁሙ፤ የሁለቱን ምሰሶ ርቀት እኔ ቀድሜ ለብቻዬ ነው የምለካው። የእኛዎቹ ምሰሶዎች መሐል 45 ሜትር ነው። በ6 ሰከንድ ያለፈ ባጃጅ በሰከንድ 7.5 ሜትር ሄዷል፤ በ3.6 ሲባዛ (አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ነውና) በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር። አንድ ሾፌር ፍጥነቱን ተማሪዎች እንደለኩት ሲሰማ ቆሞ «ትራፊክ አድርጋችኋቸው ነው?» ብሎኛል።

ብይዋና ሰበዙ

ጊዜ ካላችሁ ሌላውን ሁሉ አሳጥሩና እዚህ ላይ ቆዩ። በቁመቱ የተሰነጠቀ 2 ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ እንደ ቦይ መሬት ላይ አስተኙና አንዱን ጫፍ በአንድ ደብተር ውፍረት፣ ቢበዛ በሁለት ከፍ አድርጉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ብይዋ ትሮጥባችኋለች። ከላይ ሳትገፉ ልቀቋት።

አንድ ልጅ 25 ሳንቲ ሜትሩን ክር እያየ በየምልልሱ ያጨበጭባል። ብይዋ ከአንደኛው ጭብጨባ ጋር ትለቀቃለች። ሌሎች አራት ልጆች ቦዩ ዳር ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጭብጨባ ብቻ ይጠብቃሉ፦ የአንደኛው ሰከንድ ልጅ ብይዋ በዚያች ቅጽበት የነበረችበት ላይ በጠመኔ ያሰምራል፣ ቀጥሎ የሁለተኛው። የመጀመሪያው ሙከራ ሁልጊዜ ይበላሻል። አምስተኛው ስድስተኛው ላይ መስመሮቹ አንድ ቦታ መውደቅ ይጀምራሉ።

አሁን ሜትር አታውጡ። ሰበዝ አውጡ። ከመነሻው እስከ አንደኛው ምልክት በልኩ አንድ ሰበዝ ይቁረጡ፤ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ሌላ፤ እንዲህ እያሉ። ሰበዞቹን ግርጌያቸውን አስተካክለው ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያጣብቁ። ደረጃ ይሆናል። «እየፈጠነች ነው» ሲሉ የነበሩትን አሁን በእጃቸው ይዘውታል። ግራፍ ምን እንደሆነ ሳልናገር ግራፍ ሠርተዋል ማለት ነው። አንዲት እናት ስፌት ሰፊ ናትና ሰበዙን በአረንጓዴና በቀይ ነክራ ልካልናለች፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ አለ።

ከዚያ ይለኩት። አንድ ዓመት የእኛ 6፣ 19፣ 31 እና 43 ሳንቲ ሜትር ወጣ። የመጀመሪያዋን ሰበዝ እንደ መለኪያ ይዘው ሁለተኛው ላይ ቢያጋድሟት ሦስት ጊዜ ገደማ ትገባለች፤ ሦስተኛው ላይ አምስት፤ አራተኛው ላይ ሰባት። 1፣ 3፣ 5፣ 7። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊሊዮ ጋሊሌይ የነሐስ ኳስ በእንጨት ቦይ እያንከባለለ ይህንኑ ያገኘ ሰው ነው፤ ሥራውን ያሳተመው በ1638 እ.ኤ.አ. ነው። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ስላልነበረው ከዕቃ ውስጥ በቀጭኑ የሚወርድ ውኃ ያጠራቅምና ውኃውን ይመዝነው ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በሃይላንድ መሥራት ይፈልጋሉ፤ ክዳኑን ብሱና ስጧቸው፣ ወለሉ ግን ሲሚንቶ ይሁን።

ያንኑ ብይ በዝርግ ሲሚንቶ ላይ ቢገፏትና በየሰከንዱ ቢያሰምሩ ሰበዞቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ምንጣፍ ላይ ደግሞ በጣም ቶሎ ያጥራሉ። «ጉልበቷ አለቀ» ይላሉ። አታርሟቸው፤ ግፊትና ሰበቃ የሌላ ጊዜ ትምህርት ነው። አሁን የሚበቃው ምንጣፍ ላይ ምን ያህል ቀድማ እንደቆመች በሳንቲ ሜትር መናገራቸው ነው።

ብዙ ልጅ ላለበት ክፍል

እኔ 58 ተማሪ አለኝ። አንድ ቡድን አምስት ልጅ ነው፦ ለቃቂ፣ ሰዓት ያዥ፣ ምልክት አድራጊ፣ ጸሐፊ እና ዳኛ። ብይዋ ላይ አጨብጫቢው ሰዓት ያዡ ነው፤ ለማስመሩ ሌሎቹ ሁሉ ይረዳሉ። ዳኛው ሥራ የሌለው ይመስላል፤ ግን «ይህ ልኬት አይቆጠርም፣ ገፍተሃታል» የማለት ሥልጣን ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም መሆን የሚፈልገው እሱን ነው። በየሙከራው ይፈራረቁ። ሰዓት ያዡና «ጀምር» ባዩ አንድ ልጅ ይሁን፤ ሁለት ከሆኑ የሁለት ሰው መዘግየት ይደመራል። ቤት ከሁለት ልጅ ጋር ለምትሠሩ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ እናንተ ዳኛ ሁኑ።

የማይታየው እንቅስቃሴ

በክረምት፣ ግቢው ሲጨቀይና ሩጫ ሲቀር፣ ቀንድ አውጣ እንለካለን። መስታወት ላይ አስቀምጠን ከሥር ማስመሪያ እናደርጋለን። አንዷ በ3 ደቂቃ 12 ሳንቲ ሜትር ሄዳለች። «በሰከንድ ስንት ሜትር?» ብትሉ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ እያሉ ይሰለቻሉ፤ ራሳቸው «በደቂቃ 4 ሳንቲ ሜትር ብንል አይሻልም?» እስኪሉ ጠብቁ። ይሏችኋል።

ፀሐይ በወጣች ቀን ደግሞ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ መስቀያውን ጥላ ጫፍ እናሰምርና «ይህ ጥላ ይንቀሳቀሳል?» እላለሁ። ቁጭ ብለው ያዩታል። «ቆሟል» ይላሉ በአንድ ድምፅ። አንዷ ብቻ፣ እኔን ስለምታውቀኝ፣ ዝም ትላለች። ከዕረፍት ሲመለሱ ጥላው ከመስመሩ ወጥቶ ያገኙታል፤ ሩጫ ይሆናል ሜትር ፍለጋ። በየግማሽ ሰዓቱ ያስምሩት። ምልክቱን ግን በጠመኔ ሳይሆን በጠጠር አድርጉ፤ ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ የስድስት ሰዓት ሥራችንን ሁለት ጊዜ አጥቦብናል።